ኮምፒውተርዎን የሚነዳው ማን ነው? ስለ ብራውዘር ጠለፋ ማወቅ የሚገባን

ማለዳ ቡናዎን ይዘው የአገር ቤት ወሬ ለማየት ኮምፒውተርዎን ከፈቱ እንበል። የለመዱት መነሻ ገጽ አይመጣም። በምትኩ ስሙን ሰምተውት የማያውቁት፣ የመፈለጊያ ሳጥን ብቻ ያለው ገጽ ይወጣል። «የዛሬ የብር ምንዛሪ» ብለው ሲጽፉ መልሱ በሁለት ሦስት የማይታወቁ አድራሻዎች ዞሮ፣ ከላይ እስከ ታች በማስታወቂያ ተጥለቅልቆ ይደርስዎታል። መነሻ ገጹን ወደ ነበረበት ይመልሱታል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ሲያበሩት ያው ያባረሩት እንግዳ ተመልሶ ቁጭ ብሎ ይጠብቅዎታል። የብራውዘር ጠለፋ የሚባለው ይኸው ነው።

ጠለፋ የሚለው ቃል በአገራችን ከልጃገረድ እስከ አውሮፕላን የደረሰ መራራ ታሪክ ያለው ቃል ነው። ለዚህኛውም ጉዳይ ግን በትክክል ይስማማል። ጠላፊው መኪናውን አይሰርቅም፤ መኪናው እየሄደ መሪውን ይይዛል። ባለቤቱ እኔ እየነዳሁ ነው ብሎ ያስባል፤ የሚደርሰው ግን ሌላ ሰው የፈለገው ቦታ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ርዕስ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። «ድረ ገጻችሁን ስከፍት ነውረኛ ሥዕል ይመጣብኛል፤ የመንግሥት ሰዎች ሰብረዋችሁ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ በተለያየ ጊዜ ይደርሰናል። ገጹ ከሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ግን እንደወትሮው ነው። በሽታው ያለው እዚያው ጠያቂው ሳሎን ውስጥ ነው።

ከዚህም የባሰ አይተናል። በአንድ የአውሮፓ ከተማ በሚገኝ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ውስጥ አንድ አባል ለባልደረቦቹ የአንድ ጽሑፍ ሊንክ በኢሜይል ላከ። ከተቀባዮቹ አንዱ ሊንኩን ሲከፍት ወደ ቁማር ገጽ ወሰደው። ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሣ፣ «ቫይረስ ሊያስገባብን ነው» ተባለ፣ ከዚያም «ማን ልኮት ነው?» ወደሚለው ተሸጋገረ። ሊንኩ ጤነኛ ነበር፤ የታመመው የከፋቹ ኮምፒውተር ነበር። ይህ የታወቀው ከሳምንታት በኋላ ሲሆን፣ የተጠረጠረው ሰው ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ስብሰባ አልመጣም። በስደት የሚኖር ኅብረተሰብ ያለው ትልቁ ሀብት መተማመን ነው። ኮምፒውተር ሲታመም ምን እንደሚያሳይ አለማወቅ ያንን ሀብት በርካሽ ያስበላል።

ስለዚህ ሰው ከመጠርጠር በፊት የሁለት ደቂቃ ፈተና እናቅርብ። ያንኑ ገጽ በእጅ ስልክዎ፣ የቤቱን ዋይፋይ አጥፍተው፣ በስልኩ የራሱ መስመር ይክፈቱት። በትክክል ከተከፈተ ችግሩ የእርስዎ ቤት ነው። ቀጥሎ ዋይፋዩን አብርተው በዚያው ስልክ ደግመው ይክፈቱት። አሁን ካበላሸው ጥርጣሬው ወደ ራውተሩ ይሄዳል፤ ካላበላሸው ጠላፊው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። በስልኩም፣ በሌላም ከተማ ባለ ሰው ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ብልሽት ከታየ ብቻ ነው ድረ ገጹ ራሱ ተነክቷል ማለት የሚቻለው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህን ሁሉ ድካም ማን ለምን እንደሚደክም እንመልከት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዓላማው በአብዛኛው ገንዘብ ነው። መፈለጊያዎች ሰው ለሚያመጣላቸው ይከፍላሉ፤ አስተዋዋቂዎችም ማስታወቂያቸው ጠቅ በተደረገ ቁጥር ይከፍላሉ። ከአንድ ሰው የሚገኘው ሳንቲም ነው፤ ሚሊዮን ሰው ሲጠለፍ ግን ሳንቲሙ ቪላ ይሠራል። በ2003 ዓ.ም. «ኩልዌብሰርች» የሚባል ጠላፊ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ቀዳዳዎች እየገባ የሰዉን መነሻ ገጽ ሲቀይር፣ የጊዜው ጸረ ቫይረስ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ እንደ ቫይረስ አልቆጠሩትም ነበር። ሜሬይን ቤሌኮም የተባለ የኔዘርላንድ ወጣት «ሃይጃክዚስ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ በነጻ አሠራጨ። ፕሮግራሟ ጠላፊዎች የሚደበቁባቸውን ቦታዎች ሁሉ በዝርዝር ታወጣለች፤ በጎ ፈቃደኞችም ዝርዝሩን መስመር በመስመር እያነበቡ ለማያውቁት ሰው የትኛው ይሰረዝ እንደሆነ ይነግሩ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ትሬንድ ማይክሮ የተባለው ኩባንያ ገዛት።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የ«ዲኤንኤስ ቼንጀር» ታሪክ ነው። ዲኤንኤስ የኢንተርኔት ስልክ ማውጫ ማለት ነው። እርስዎ የድረ ገጽ ስም ሲጽፉ ማውጫው ስሙን ወደ ቁጥር ይለውጥና ኮምፒውተሩ ወደዚያ ቁጥር ይሄዳል። በኢስቶኒያ የተቀመጠ አንድ ቡድን ታዲያ ድረ ገጽ አልሰበረም፤ የሰዎችን ማውጫ በራሱ ማውጫ ለወጠ። «ባንክ» ቢሉት ቁጥሩን የሚነግርዎት እርሱ ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ በኅዳር 2011 ዓ.ም. ቡድኑን ሲያፈርስ የተጠለፉት ኮምፒውተሮች ከ100 በሚበልጡ አገሮች 4 ሚሊዮን ያህል ደርሰው፣ ቡድኑም ቢያንስ 14 ሚሊዮን ዶላር ማግኘቱ ተገልጿል። አስቸጋሪው ነገር ከእስሩ በኋላ መጣ። የሌቦቹን ማውጫ በአንድ ጊዜ ቢዘጉት ያ ሁሉ ሰው ኢንተርኔት ሊቋረጥበት ነው። ስለዚህ በፍርድ ቤት ፈቃድ በሌቦቹ ቦታ ንጹሕ ማውጫ ተተክቶ እስከ ሐምሌ 9 ቀን 2012 ድረስ እንዲሠራ ተደረገ። መንግሥት ሌባ የዘረጋውን መስመር ለወራት ያስተዳደረበት አጋጣሚ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የቡድኑ መሪ ቭላዲሚር ጻስትሲን በ2016 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ ከ7 ዓመት በላይ እስራት ተፈርዶበታል።

ጠላፊ ሁልጊዜ በስርቆሽ በር አይገባም። በ2014 መጨረሻና በ2015 መጀመሪያ ሌኖቮ የሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች «ሱፐርፊሽ» የሚባል ማስታወቂያ ጨማሪ ከፋብሪካ ተጭኖባቸው ነበር። ይህ ፕሮግራም የተመሰጠሩ ገጾችን እንኳ ከፍቶ ማስታወቂያ እንዲያስገባ የራሱን የምስክር ወረቀት ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦ ነበር። የሁሉም ኮምፒውተሮች ቁልፍ አንድ ዓይነት ስለነበር፣ ቁልፉን ያገኘ ሰው ባንክ መስሎ ሊቀርብ ይችል ነበር። ኩባንያው በ2017 ዓ.ም. ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ከ32 ክፍላተ ግዛት ጋር ተስማምቶ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል በቅቷል።

አብዛኛው ግን የሚገባው እኛው በር ከፍተንለት ነው። «ነጻ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ገጽ ፕሮግራም ስናወርድ፣ «ቀጥል፣ ቀጥል፣ እስማማለሁ» እያልን ሳናነብ እናልፋለን። ከመካከላቸው በአንዱ ላይ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ትንሽ ሳጥን አለ፤ «ይህንንም ቱልባር ጫንልኝ» ይላል። የጃቫ ፕሮግራም ራሱ ለዓመታት «አስክ» የተባለውን ቱልባር በዚህ መንገድ ይዞ ይመጣ ነበር። ወገኖቻችን በብዛት የሚወድቁበት ሌላው ጉድጓድ የአማርኛ ፊደል ፍለጋ ነው። «ነጻ የአማርኛ ኪቦርድ» ብሎ የፈለገ ሰው አራት «አውርድ» የሚሉ ቁልፎች ያሉበት ገጽ ላይ ይደርሳል። ሦስቱ ማስታወቂያ ናቸው። ዊንዶውስ ከቪስታ ማለትም ከ2007 ጀምሮ ግዕዝ ፊደልና የአማርኛ ኪቦርድ አብሮት እንደሚመጣ፣ ከሴቲንግስ ገብቶ ቋንቋ መጨመር ብቻ በቂ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ነጻ የፊልምና የሙዚቃ ገጾችም እንደዚሁ ናቸው፤ ለሁለት ሰዓት ድራማ የወር ራስ ምታት ይሸምታሉ።

ሦስተኛው መግቢያ ኤክስቴንሽን የሚባለው፣ ብራውዘሩ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። እዚህ ላይ የእኛ የራሳችን ታሪክ አለበት። በውጭ የሚዘጋጁ ድረ ገጾች ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ቤት ሲታገዱ፣ በ2018 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾችና ብሎጎች እስኪከፈቱ ድረስ፣ አንባቢው በነጻ ፕሮክሲና ቪፒኤን ነበር የሚሻገረው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ ጥሪ ለዓመታት ተከልክሎ በመቆየቱ፣ እናቷን ለማነጋገር የፈለገች የቤት ሠራተኛ እህታችንም ያገኘችውን ነጻ ቪፒኤን ትጭናለች። ማንም አይፈርድባትም። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. «ሆላ» የተባለው ታዋቂ ነጻ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት መስመር «ሉሚናቲ» በሚል ስም ለሌሎች ይሸጥ እንደነበር ታውቋል። በነጻ የሰጠ ከሌላ ቦታ ይወስዳል። አንዳንዴ ደግሞ ደህና የነበረ ኤክስቴንሽን ባለቤት ይቀይራል። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ የነበረው «ዘ ግሬት ሰስፔንደር» በ2020 ተሸጦ፣ አዲሱ ባለቤት ያልተፈለገ ነገር ጨምሮበት በመገኘቱ በየካቲት 2021 ጉግል አስወግዶታል። ተጠቃሚው አንድም ስሕተት አልሠራም፤ ቤቱን ያከራየው ሰው ሳይነግረው ቁልፉን ሸጦበት ነው።

«ይህ ሁሉ የማስታወቂያ ነገር ከሆነ እኛን ምን አስጨነቀን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያስጨንቀን በሩ አንድ በመሆኑ ነው። የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ከ2016 ጀምሮ በኢሜይል ሊንክ እንደተላከላቸው፣ ሊንኩም የኤርትራ ቪዲዮዎችን የሚያቀርብ የታወቀ ድረ ገጽን አስመስሎ ወደተሠራ ገጽ እንደሚወስድ፣ እዚያም «ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን ያድሱ» የሚል ጥያቄ እንደሚጠብቃቸው ገልጿል። ማደሻው በእርግጥም ፍላሽ ነበረበት፤ ከእርሱ ጋር ግን ሳይበርቢት ከተባለው የእስራኤል ኩባንያ የተገዛ የስለላ ፕሮግራም ተለጥፎ ነበር። የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበሩት ጃዋር መሐመድ ከተነጣጠረባቸው አንዱ ነበሩ። ከዚያም በፊት በ2013 መጨረሻ የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ በተላከ ፋይል ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎባቸዋል። ቁማር የሚያስተዋውቀው ሌባና ሰላዩ የሚያንኳኩት አንድ በር ነው፤ ሁለቱም «አድስ» ይላሉ፣ ሁለቱም «ፍቀድ» ይላሉ። አዶቤ ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ስለቆመ፣ ዛሬ «ፍላሽን አድስ» የሚል መልእክት ቢመጣ ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልግ ውሸት ነው።

አሁን ወደ ማጽዳቱ። ከሁሉ በፊት ያ ኮምፒውተር እስኪጸዳ ድረስ ባንክም ሐዋላም አይክፈቱበት። «ቫይረስ ተገኝቷል» የሚሉ ብቅ ባይ መልእክቶች ከስክሪኑ ጥግ ላይ ብቻ የሚመጡ ከሆነ ነገሩ ቀላል ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ አንድ ገጽ ላይ «አላው» የሚለውን ጠቅ አድርገው ማሳወቂያ እንዲልክ ፈቅደውለታል ማለት ነው። በብራውዘሩ ሴቲንግስ ውስጥ «ኖቲፊኬሽንስ» የሚለውን ፈልገው የማያውቋቸውን አድራሻዎች በሙሉ ይሰርዙ። ስንት ሰው ለዚህ ብቻ ለጠጋኝ ከፍሏል!

መነሻ ገጹና መፈለጊያው ተቀይሮ ከሆነ ግን መጀመሪያ ከብራውዘሩ ውጭ ያለውን ይመልከቱ። በዊንዶውስ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ከፍተው በቀን ቅደም ተከተል ያስቀምጡትና ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባውን ያጥፉ። ቀጥሎ ወደ ኤክስቴንሽኖቹ ይሂዱ። የማያውቁትን ብቻ ሳይሆን የማይጠቀሙበትንም ያስወግዱ። ከዚያ «ሪሴት ሴቲንግስ» የሚለውን ይጠቀሙ፤ በክሮምም በኤጅም አለ፣ በፋየርፎክስ «ሪፍሬሽ» ይባላል። ብዙ ሰው ያስቀመጥኳቸው ገጾችና የይለፍ ቃሎች ይጠፉብኛል ብሎ ይፈራል፤ እነርሱ አይጠፉም።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሁሉን አጽድቶ ያድርና በማግስቱ ጠላፊው ተመልሶ ያገኘዋል። ምክንያቱ ከአራት አንዱ ነው፣ ወይም ሁለቱ በአንድነት። አንደኛው የጉግል አካውንትዎ ራሱ ነው። ሲንክ በርቶ ከሆነ ያጠፉትን ኤክስቴንሽን ከሌላው ኮምፒውተርዎ መልሶ ያመጣልዎታል፤ ስለዚህ ሲንኩን አጥፍተው ሁለቱንም ያጽዱ። ሌላው ዴስክቶፑ ላይ ያለው የብራውዘር ምልክት ነው። በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ታርጌት» የሚለውን መስመር ያንብቡ፤ ከብራውዘሩ ስም በኋላ የድረ ገጽ አድራሻ ተቀጥሎበት ካዩ ሌባው እዚያ ነው። ምልክቱን ሰርዘው አዲስ ይሥሩ። ሦስተኛው «ታስክ ስኬጁለር» በሚባለው የዊንዶውስ ክፍል ውስጥ በየሰዓቱ ወይም ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ጠላፊውን መልሶ የሚጭን ትእዛዝ ነው።

አራተኛው ለእኛ ትዝታ የሚቀሰቅስ ነው። በክሮም ዝርዝር ግርጌ «ብራውዘርዎ በድርጅትዎ ይተዳደራል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ተገቢ ነው፤ አንዳንድ ጸረ ቫይረስም ያንን ያደርጋል። የሳሎን ኮምፒውተር ከሆነ ግን የምን ድርጅት? ጠላፊው ለትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የተዘጋጀውን «ፖሊሲ» የሚባል ሥልጣን ተጠቅሞ መነሻ ገጽዎን ቆልፎታል ማለት ነው። እኛ በመንግሥት ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል በሠራንባቸው ዓመታት የፊት ገጹ ዜና በስልክ ተወስኖ ሲመጣ፣ አዘጋጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ገጹ የእርሱ እንዳልነበረ በዓይናችን አይተናልና፣ ይህን ጽሑፍ ባየን ቁጥር ፈገግ ማለታችን አይቀርም። በአድራሻው ሳጥን ውስጥ «ክሮም» ብለው ሁለት ነጥብና ሁለት ስላሽ አድርገው «ፖሊሲ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ቢጽፉ የታዘዘው ትእዛዝ በሙሉ ይዘረዘራል። ትእዛዙ የሚቀመጠው በዊንዶውስ ሬጅስትሪ ውስጥ ሲሆን፣ በእጅ መሰረዝ ላልለመደው ሰው አንመክርም። «አድደብልዩክሊነር» የተባለው፣ ከ2016 ጀምሮ የማልዌርባይትስ ንብረት የሆነው ነጻ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ይጠርገዋል። ከእርሱ በኋላ በራሱ በዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የማይክሮሶፍት ዲፌንደር «ኦፍላይን» ምርመራ ያስኪዱ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሥቶ፣ ጠላፊው ሳይነቃ ነው የሚፈትሸው።

ማጽጃ ፕሮግራም ሲያወርዱ ደግሞ ይጠንቀቁ። የጠላፊውን ስም በዚያው በተጠለፈ ብራውዘር ከፈለጉ «በአምስት ደቂቃ እናጠፋልዎታለን» የሚሉ ገጾች ይደረደራሉ፤ ከመካከላቸው ራሱ ሌባው የከፈተው ፋርማሲ አይጠፋም። ከጤነኛ ኮምፒውተር፣ የሠሪውን ኩባንያ አድራሻ ራስዎ ጽፈው አውርደው በፍላሽ ዲስክ ያምጡት።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ገጾች የሚዞሩብዎት ከሆነ የዊንዶውስ ኔትወርክ ሴቲንግስ ውስጥ «ፕሮክሲ» የሚለው ሳያዝዙት በርቶ እንደሆነ፣ ዲኤንኤሱም «አውቶማቲክ» ከሚለው ተለውጦ የማያውቁት ቁጥር ተጽፎበት እንደሆነ ይዩ። በስልኩ ፈተና ላይ ራውተሩ ከተጠረጠረ ደግሞ ከጀርባው ያለውን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ተጭነው ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመልሱትና አብሮት የመጣውን የይለፍ ቃል ወዲያው ይቀይሩ። ማክ የሚጠቀሙ ወገኖች ነጻ ነን ብለው አይዘናጉ። እዚያም ጠላፊው በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ በፕሮፋይል መልክ ሊደበቅ ይችላል፤ እርስዎ ወይም መሥሪያ ቤትዎ ያላስገባችሁት ፕሮፋይል ካለ ይሰረዝ።

ስለ ወላጆቻችን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ልጆቻቸው ወደ ሥራ ሲሄዱ ቤት የሚውሉ እናቶችና አባቶች ስክሪኑ በድንገት ቀልቶ፣ የሚጮኽ ድምፅ እያሰማ፣ «ኮምፒውተርዎ ተቆልፏል፣ በዚህ ስልክ ወደ ማይክሮሶፍት ይደውሉ» ሲላቸው ይደነግጣሉ። የስደት ኑሮ ባለሥልጣን ነኝ የሚል ድምፅ መፍራትን አስተምሮናል። እውነተኛው ማይክሮሶፍት በስሕተት መልእክቱ ላይ ስልክ ቁጥር አይጽፍም። የሚደውል ሰው የሚያገኘው በሩቅ ሆኖ ኮምፒውተሩን ልቆጣጠር የሚል፣ ቀጥሎም ከሱቅ የስጦታ ካርድ ገዝተው ቁጥሩን ያንብቡልኝ የሚል ሰው ነው። እማማ ማድረግ ያለባቸው የኮምፒውተሩን የኃይል ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ ብቻ ነው። ይህን በአማርኛ በትልልቁ ጽፈው ስክሪኑ አጠገብ ይለጥፉላቸው።

ኮምፒውተሩ ከጸዳ በኋላ የይለፍ ቃሎች ይቀየራሉ፤ በቅድሚያ የኢሜይሉ፣ ከዚያ የባንኩና የሐዋላው። ቃሉን መቀየር ብቻ ግን አይበቃም። አንዳንድ ጠላፊ ኤክስቴንሽኖች የይለፍ ቃሉን ሳይሆን ገብተው እንደሆነ የሚመሰክረውን ኩኪ ስለሚወስዱ፣ በኢሜይልዎ የደህንነት ገጽ ላይ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ይጫኑ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫንም ያብሩ። ኢሜይልዎ ውስጥ እርስዎ ያላዘዙት ወደ ሌላ አድራሻ የማስተላለፊያ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩንም ይፈትሹ። አገር ቤት ካለ ሰው ጋር የሚጻጻፉ ከሆነ ኮምፒውተርዎ ተጠልፎ እንደነበር ለዚያ ሰው መንገር ግዴታዎ ነው፤ አደጋው ከእርስዎ ይልቅ የእርሱ ነውና። የሚነግሩትም በዚያው ኢሜይል ሳይሆን በሌላ መስመር ይሁን።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ መደበኛው ድጋፉ በጥቅምት 14 ቀን 2025 መቋረጡን እወቁ። ያ ኮምፒውተር ወደ 11 የማያድግ ከሆነ ለልጆች ጨዋታ ይሁን፤ ደብዳቤና ገንዘብ አይለፍበት።